የበዓል ሰሞን ጉዞ፦ መቼ ይወጣል፣ በየት ይታለፋል፣ መቼ ይመለሳል

የአገራችን በዓል አቅጣጫ አለው። መስቀል የአዲስ አበባን ሰው ወደ ጉራጌ ይወስዳል፤ አረፋ ወደ ስልጤ፤ ታኅሣሥ ገብርኤል ወደ ቁልቢ፤ ገና ወደ ላሊበላ፤ ጥምቀት ወደ ጎንደር። ፋሲካ ደግሞ ሁሉንም ወደየእናቱ ቤት ይበትነዋል። ስለዚህ ጉዞ ሲታቀድ ከቀኑ ቀጥሎ መታወቅ ያለበት፣ ያ ቀን ሰውን በየትኛው መውጫ፣ ከስንት ቀን አስቀድሞ እንደሚያስወጣና መቼ እንደሚመልሰው ነው። ግፊያው የሚበረታው በዋዜማዎቹና በመልሱ ነው። በዓሉ ዕለትማ መንገዱ ጭር ይላል፤ ችግሩ ያን ዕለት መኪናውም አብሮ መጥፋቱ ነው።

የቀን መቁጠሪያውን መዘርጋት

የ2019ን ዓመት ለምሳሌ እንውሰድ። እንቁጣጣሽ ዓርብ ስለሚውል ያለ ምንም ፈቃድ እስከ እሑድ ሦስት ቀን ይሰጣል። መስቀል እሑድ ነው፤ እኛ ዘንድ እሑድ የዋለ በዓል ወደ ሰኞ ስለማይዞር ተጨማሪ ዕረፍት የለውም። ገና ሐሙስ ታኅሣሥ 29 ነው፤ ዓርብን ከዓመት ፈቃድ ብትወስዱ አራት ቀን ይሆናል። ጥምቀት (ጥር 11) እና ዓድዋ (የካቲት 23) ሁለቱም ማክሰኞ ናቸው፤ ሰኞን የወሰደ ሰው ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ያርፋል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የምትሠሩ ከዚህ ላይ ግማሽ ቀን ቀንሱ።

የፋሲካው ትንሽ ጠለቅ ያለ ስሌት ይፈልጋል። ስቅለት ዓርብ ሚያዝያ 22፣ ፋሲካ እሑድ ሚያዝያ 24 ነው። የሠራተኞች ቀን (ሚያዝያ 23) በሁለቱ መሃል ቅዳሜ ላይ ወድቆ ተውጧል። የአርበኞች ቀን ግን ረቡዕ ሚያዝያ 27 ነው፤ ሰኞና ማክሰኞን ፈቃድ የወሰደ ከስቅለት እስከ ረቡዕ ስድስት ቀን ያገኛል። በጠቅላላው አምስት የፈቃድ ቀን አራት ረጃጅም ዕረፍት ይገዛል ማለት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመጀመሪያ ዓመት ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ስለሆነ፣ 11 ቀን ገና በእጃችሁ አለ። ብቻ ማመልከቻውን ቀድማችሁ አስገቡ፤ ይህንን ስሌት አጠገባችሁ ያለው ባልደረባም ያውቀዋል።

የእስልምና በዓላት በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደሙ ይመጣሉ። በ2019 ኢድ አልፈጥር የካቲት 30 ወይም መጋቢት 1 አካባቢ፣ አረፋ ደግሞ ግንቦት 8 ወይም 9 አካባቢ ይውላሉ። የሁለቱ አቆራረጥ ግን አይመሳሰልም። የኢድ አልፈጥር ቀን የሚታወቀው በዋዜማው ምሽት ጨረቃ ስትታይ ስለሆነ፣ ትኬታችሁ ከሁለቱ ቀናት ቀደም ላለው ይሁን፤ መልሱ ደግሞ ቀኑ ሊቀየር የሚችል ትኬት ይሁን። የአረፋ ጨረቃ የምትታየው ግን ወሩ ሲገባ ነውና ቀኑ ከዘጠኝ ቀን በፊት ይቆረጣል። እሱን ጠብቆ መግዛት ይቻላል፤ ወደ ወራቤና አካባቢው ለሚሄድ ግን ዘጠኝ ቀንም ብዙ አይደለም።

ሁለት የቀን ወጥመዶች ብዙ ሰው ይጥላሉ። አንደኛው ጳጉሜን 6 የምትሆንበት ዓመት ነው። 2019 ጳጉሜን 6 ስላላት በ2020 መስከረም 1 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ ጥምቀትም ጃንዋሪ 20 ይሆናል እንጂ 19 አይሆንም። ገና ግን በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 28 ስለሚከበር ከጃንዋሪ 7 አይነቃነቅም። ጥምቀትን «ጃንዋሪ 19» ብሎ በቃሉ የያዘ ሰው በዚያ ዓመት የሚደርሰው ለከተራ ነው።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። የአውሮፕላን ትኬት በፈረንጅ ሰዓት ይታተማል፤ የአውቶቡስ ቆራጭ ደግሞ በእኛ ሰዓት ይናገራል። «11 ሰዓት» ብሎ የሚነግራችሁ የአገር አቋራጭ ባስ የሚነሣው ከሌሊቱ 11 ነው። አውሮፕላን ላይ ደግሞ የፈረንጁ ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ይለወጣል። ጃንዋሪ 5፣ 01:30 የሚል ትኬት የያዘ ሰው ቦሌ መገኘት ያለበት ጃንዋሪ 4 ማታ ነው፤ በእኛ አነጋገር ታኅሣሥ 26 ለሊት 7 ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ትኬቱ እጃችሁ እንደገባ የእኛውን ቀንና ሰዓት ጀርባው ላይ ጻፉበት።

መስቀል

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ጉራጌ ዘንድ መስቀል የአንድ ቀን በዓል ስላልሆነ ከመርካቶ መውጣት የሚጀመረው ከመስከረም 10 ገደማ ነው፤ እናትና ልጆች ቀድመው፣ ሱቁን የያዘው አባት መጨረሻ ላይ። የከፉት ቀናት ከ13 እስከ 15 ያሉት ናቸው። ወልቂጤ 155፣ ቡታጅራ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፤ በሌላ ጊዜ ግማሽ ቀን የማይሞላ ጉዞ ነው። በዚያ ሰሞን ቀኑን የሚበላው መኪና ጥበቃውና ከከተማ መውጫው ነው። ስለዚህ ቤተሰብ ያላችሁ እስከ መስከረም 11 ልኩ። ራሳችሁ መቆየት ግድ ከሆነባችሁ 16 ጠዋትን ምረጡ፤ ዋናው ጎርፍ አልፏል፣ መኪናም አንድ ዙር አድርሶ ተመልሷል። በዚያ ቀን ግን በማለዳ እንጂ ከረፈደ በኋላ መናኸሪያ መሄድ አያዋጣም።

ወደ ጉራጌ የማትሄዱም ከዚህ አታመልጡም። የወልቂጤ መንገድ የጅማም መንገድ ነው፤ የቡታጅራው ደግሞ የወራቤና የሆሳዕና ነው። በተጨማሪ ሕዝቡን ለማንሣት ከሌላ መስመር መኪና በልዩ ስምሪት ስለሚዛወር፣ ምንም ግንኙነት በሌለው መስመር ላይ ወረፋ ይረዝማል። አርባ ምንጭ የሚሄድ ሰው በዚያ ሳምንት ቡታጅራን ትቶ በሞጆ፣ ሻሸመኔና ሶዶ ቢዞር ይሻለዋል። ኪሎ ሜትሩ ይረዝማል፤ ቢሆንም እስከ ባቱ ፈጣን መንገድ አለው።

መስከረም 16 ወደ መስቀል አደባባይ የሚወስዱት የአዲስ አበባ መንገዶች ለደመራው ይዘጋሉ። በዚያ ዕለት ከሰዓት የሚበር ሰው መሃል ከተማን ሳይነካ በቀለበት መንገድ ይዙር፤ ከወትሮው ሁለት ሰዓት ቀድሞም ይውጣ። አብዛኛውን ጊዜ በሚቀጥለው ቅዳሜ ኢሬቻ አዲስ አበባ ላይ፣ እሑድ ደግሞ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ይከበራል። አዳማ ወይም ሐዋሳ የምትሄዱ በእነዚያ ሁለት ቀናት አትንቀሳቀሱ፤ ሐሙስ ውጡ፣ ማክሰኞ ተመለሱ።

ገናና ጥምቀት

ላሊበላ ለገና የሚመጣው ሰው ብዙው በእግሩ ነው፤ አልጋና የአውሮፕላን ወንበር የሚሻማው ሌላው ነው። ክብረ በዓሉን ለማየት የሚሄድ እስከ ታኅሣሥ 26 ይድረስ፤ ከዚያ በኋላ ያለው አልጋ ተረፈ አልጋ ነው፣ ዋጋውም እንደ ጠያቂው መልክ ነው። በገና ማለዳ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ቆመው «ቤዛ ኩሉ» ሲዘምሩ በቅርብ ማየት የፈለገ ከሌሊቱ 10 ሰዓት በፊት ቦታ ይያዝ። ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሌሊቱ ይቆረጥማል። ጫማችሁን በፌስታል አድርጋችሁ በእጃችሁ ያዙ። በር ላይ የተተወ ጫማ በዚያ ሕዝብ መሃል ተመልሶ አይገኝም።

አብያተ ክርስቲያናቱን ረጋ ብሎ ማየት ለሚፈልግ ግን ገና ትክክለኛው ጊዜ አይደለም። ከጥር 2 እስከ 8 ያለው ሳምንት ይሻላል፦ የገናው እንግዳ ወጥቷል፣ የጥምቀቱ ገና አልመጣም፣ ቄሶቹም አስጎብኚዎቹም ጊዜ አላቸው።

ጎንደር ላይ ጥር 10 ከሰዓት ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ይወርዳሉ፤ የጥር 11 ማለዳ የውኃው ሥርዓት ነው። ከእንግዳው ብዙው 11 ከሰዓት ወይም 12 ጠዋት ለመመለስ ስለሚሻማ ቀድሞ የሚያልቀው የመልስ ትኬት ነው። ስለዚህ ከመሄጃው በፊት መልሱን ያዙ። ቀኑን ወደ 13 ብትገፉት ወንበርም ታገኛላችሁ፣ ጥር 12 የሚገባውን የሚካኤል ታቦትም በሰፊ ቦታ ትሸኛላችሁ። የጎንደር በረራ ከሞላ ባሕር ዳርን ጠይቁ፤ በመካከላቸው ያለው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የባሕር ዳር አልጋ ግን የጎንደርን ትርፍ ስለሚቀበል በዚያ ሰሞን ርካሽ አይሆንም። በየብስ ወደ ሰሜን ለሚሄድ፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን ከሁለት ቀን በፊትና በዋዜማው እዚያው ካለ ሰው ጠይቆ መነሣት ግዴታ ነው፤ የአዲስ አበባ ደላላ «ሰላም ነው» ማለቱ አይበቃም።

አንድ የግል አስተያየት፦ ጥምቀት በየደብሩ አለ። ጎንደርንና ጃንሜዳን ቀድሞ ያየ ሰው አንድ ትንሽ የገጠር ከተማ መርጦ ቢሄድ ታቦቱን በክንድ ርቀት ያጅባል፣ አልጋም በወትሮው ዋጋ ያገኛል።

ጥር የሠርግ ወርም ነው። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ቢሾፍቱና ሐዋሳ ቅዳሜና እሑድ በሙሽራ ይሞላሉ። ጾሙ ሲገባ (በ2019 የካቲት 29) ሠርጉ ቀጥ ይላል፤ የሐይቅ ዳር ሆቴሎችም ዋጋ ላይ መነጋገር ይጀምራሉ። በጾም ሰሞን የሥጋ ምግብ በየቦታው እንደማይገኝ ካወቃችሁ በኋላ፣ ከዓመቱ ውስጥ ለመዝናናት የሚመቹት እነዚህ ሳምንታት ናቸው።

ፋሲካ

የፋሲካ ጎርፍ ጸሎተ ሐሙስ ከሰዓት ይጀምራል፣ ስቅለት ማለዳ ላይ ጣራ ይነካል። ረቡዕ የወጣ ሰው በታሪፍ ይሄዳል፤ ሐሙስ ማታ የወጣ በደላላው ዋጋ ይሄዳል። ቀዳም ሹር የሚወጣ ሰው ሌሊት ካልተነሣ አደጋ ላይ ነው። ከቀትር በኋላ ሹፌሩም ረዳቱም የራሳቸው ቤት አላቸውና የመጨረሻው ቅጥቅጥ ከሄደ ሌላ አይመጣም። ፋሲካ ዕለት እስከ ቀትር ረጅም መስመር ላይ መኪና አትጠብቁ። ምግብ ቤትም ዝግ ነው፤ በማያውቁት ከተማ ያደረ ሰው ዳቦና ውኃ ቅዳሜ ይግዛ።

መልሱ ሰኞ ከሰዓትና ማክሰኞ ይጨናነቃል፣ በተለይ ወደ አዲስ አበባ መግቢያዎች ላይ። ሰኞ በማለዳ ወይም ረቡዕ ተመለሱ። የሚቀጥለው እሑድ ዳግማይ ትንሣኤ ነው፤ ሠርጉ ተመልሶ ስለሚመጣ በዚያ ቅዳሜና እሑድ ለመዝናናት መውጣት በሌላ በር ግፊያ ውስጥ መግባት ነው።

ከበጉ ጋር የሚጓዝ ሰው አይጠፋም። ገንዘቡን አስቀድሞ ልኮ በጉን እዚያው ማስገዛት ይሻላል፤ አውቶቡስ ጣራ ላይ የተጫነ በግ የመጫኛ ተከፍሎበት፣ ተርቦና ተጠምቶ ነው የሚደርሰው።

ወደ ምሥራቅ

ቁልቢ ገብርኤል በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ የምሥራቁን መንገድ ይሞላዋል። የታኅሣሡ ይበረታል። የ2019ኙ ሰኞ ስለሚውል ቅዳሜና እሑዱ ተጨምሮበት ይከፋል። በዓሉን የማይሄድ ግን ድሬዳዋ ወይም ሐረር ጉዳይ ያለው ከታኅሣሥ 16 እስከ 21 ያሉትን ቀናት ይዝለል፤ በመንገዱ ዳር የሚሄደው እግረኛ ብዙ ስለሆነ የሌሊት መንዳት በዚያ ሰሞን በፍጹም አይመከርም።

ትኬትና መናኸሪያ

ትልልቆቹ የአገር አቋራጭ ባሶች ወንበር በቁጥር ስለሚሸጡ ለበዓል ሰሞን ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት አስቀድሞ መግዛት ይቻላል፤ ለአውሮፕላን ሦስት ወር ይሻላል። ስማችሁ መታወቂያችሁ ላይ እንዳለው በፊደል ሳይዛነፍ ይጻፍ። ኬላም ላይ መታወቂያ ይጠየቃል።

ትኬት በቅድሚያ የማይሸጥበት መስመር ላይ ዋናው ነገር ትክክለኛው መናኸሪያ ነው። ወደ ወልቂጤና ጅማ አየር ጤና፣ ወደ ደቡብና ወደ አዳማ ቃሊቲ፣ ወደ ደብረ ብርሃንና ደሴ ላም በረት፣ ወደ አምቦ አስኮ፤ ሌላው መርካቶ አውቶብስ ተራ ነው። በበዓል ሰሞን መነሻ ሊቀየር ስለሚችል በዋዜማው አንድ ሰው ልካችሁ አረጋግጡ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ፤ ከበር ውጭ «ና በኔ ግባ» ለሚል ሰው ገንዘብ አትስጡ። ደላላው የሚሸጥላችሁ ወንበር ውስጥ ገብታችሁ በታሪፍ የምትገዙት ያው ወንበር ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። ከመሳፈራችሁ በፊት የተለጠፈውን ታሪፍ አንብቡ፣ ታርጋውን ፎቶ አንሡ፣ ደረሰኝ ጠይቁ። ትርፍ ሰው በመተላለፊያው ላይ ከተጫነ ውረዱ። ቀጣዩን መኪና መጠበቅ የሚያስከፍለው ጥቂት ሰዓት ነው፤ በበዓል ዋዜማ ለሁለት ምልልስ የሚጣደፍ፣ እንቅልፍ ያልተኛ ሹፌር የሚያስከፍለው ከዚያ በላይ ነው።

በራሳችሁ መኪና ከሆነ ነዳጅ ከሦስት ቀን በፊት ሙሉ፤ ዋዜማ ላይ ማደያው ራሱ ወረፋ ነው። ለመንዳት ምርጡ ሰዓት የበዓሉ ዕለት ከጠዋቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ነው፦ ሰው ቤቱ ነው፣ ከባድ መኪና ጥቂት ነው። ከቀትር በኋላ ግን ጠጥቶ መንገድ የሚያቋርጠው ይበዛልና ቁሙ። መጠባበቂያ ጎማና ክሪክ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ይታይ፤ በዓል ቀን ጎሚስታ አይከፍትም።

አልጋ

በስልክ «ይዤልሃለሁ» የተባለ አልጋ አልተያዘም። ቀብድ በቴሌብር ወይም በባንክ ላኩ፣ የላካችሁበትን መልእክት አታጥፉ፣ የክፍሉን ዋጋ ለእያንዳንዱ ሌሊት በጽሑፍ አስልኩ፤ በዓሉ ሲደርስ «ያ የወትሮው ዋጋ ነበር» የሚባለው በቃል የተነገረ ዋጋ ላይ ነው። ከሦስት ቀን በፊት አንድ ጊዜ፣ በምትደርሱበት ቀን ጠዋት ደግሞ አንድ ጊዜ ደውሉ፤ ማታ ዘግይታችሁ የምትደርሱ ከሆነ ሰዓቱን ንገሩ፣ አለዚያ ክፍሉ ለቆመው እንግዳ ይሸጣል። ጥሬ ገንዘብ ከአዲስ አበባ ይዛችሁ ውጡ፤ በትንሽ ከተማ ኤቲኤም ዋዜማ ላይ ባዶ ይሆናል፣ ባንኩም እስኪከፈት ቀናት ይፈጃል።

ከውጭ ለሚመጡ

ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለገና የሚመጣ ሰው ትኬት የሚወደድበት የእነሱ ገና በመሆኑ፣ ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ 25 ያለውን መሸሽ ነው። የእኛ ገና ዘግይቶ መምጣቱ እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ ከታኅሣሥ 24 እስከ 26 (ጃንዋሪ 2 እስከ 4) የተነሣ ሰው ለበዓሉ ይደርሳል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ተማሪ ልጅ ያለው ግን ይህ አይመቸውም፤ የእነሱ ትምህርት ቤት የሚከፈተው በዚያው ሳምንት ነው። መልሱን ከጥር 14 በኋላ አድርጉት። ከእስራኤል ለፋሲካ የሚመጣ ሰው የአይሁድን ፋሲካ ይይ፤ በ2019 ፔሳሕ ከሚያዝያ 13 ምሽት እስከ 20 ስለሆነ፣ በ21 መነሣት ከሕዝቡ በተቃራኒ መብረር ነው። ከዓረብ አገር ለሚመጡ ደግሞ የሚከብደው የሁለቱ ኢዶች ሰሞን ነው።

የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ በሚካሄድባቸው ቀናት የቦሌ መንገድ ለእንግዶች ይዘጋጋል፣ ሆቴሎችም ይሞላሉ። በእነዚያ ቀናት ቦሌ አርፎ ወደ አገር ውስጥ በረራ የሚቀይር ሰው ከኤርፖርቱ ሳይወጣ የሚያልፍበትን ትኬት ይግዛ፤ ከተማ ገብቶ ማደር ግድ ከሆነም አልጋውን ከመንገዱ ማዶ ሳይሆን ኤርፖርቱ ባለበት በኩል ይያዝ።